ከተነሣን በኋላ አንደኛው ሞተር ሲቆም፦ ከመንገደኛ ወንበር ያየሁትና በኋላ የተረዳሁት

አውሮፕላናችን መሬት ከለቀቀ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላውም ነበር። መንኮራኩሮቹ ሲታጠፉ ከወለሉ ሥር የሚሰማው ድምፅ ገና እንዳበቃ፣ ከግራ ክንፍ በኩል መድፍ የተተኮሰ የመሰለ ፍንዳታ ተሰማ፤ ወዲያው ሌላ ተከተለው፤ ከዚያም ሦስት ወይም አራት ጊዜ ተደጋገመ። የተቀመጥኩት ከክንፉ ጥቂት ወደ ኋላ፣ በመስኮቱ ጥግ ስለነበር፣ በእያንዳንዱ ፍንዳታ ከሞተሩ የኋላ አፍ ብርቱካንማ ነበልባል ተወርውሮ ሲጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ አውሮፕላኑ ወደ ግራ ሳብ ብሎ ተመለሰ፤ ከራሳችን በላይ ያሉት መብራቶች ለቅጽበት ጠፍተው ተመልሰው በሩ፤ የተቃጠለ ዘይት የሚመስል ሽታም መጣ።

ከዚያ ጊዜ አንሥቶ እስካረፍንበት ድረስ ሃያ ስድስት ደቂቃ ያህል አልፏል። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ያስፈራኝ ነገር አብዛኛው በትክክል ያልተረዳሁት ነገር እንደነበር ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ለረዥም ዘመን ሲያበርር የኖረ አንድ ወዳጄ ዘንድ ሄጄ እያንዳንዱን ድምፅና እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በተራ አስተረጎምኩት፤ የታወቁ አደጋዎች የምርመራ ሪፖርቶችንም አነበብኩ። እኔ የአቪዬሽን ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን ያን ቀን እዚያ ወንበር ላይ ከመቀመጤ በፊት ይህን ያህል እንኳ ባውቅ ኖሮ ጥቂት ስሕተቶችን ባልፈጸምኩ ነበር፤ ስለዚህ በተመሳሳይ ሁኔታ ውስጥ ለሚገባ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ብዬ እጽፈዋለሁ።

ፍንዳታዎቹ ካቆሙ በኋላ ከአብራሪዎቹ ክፍል ስድስት ደቂቃ ለሚሆን ጊዜ አንድም ቃል አልተሰማም። በአጠገቤ የተቀመጡት እናት ክንዴን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «ልጄ፣ ምን ሆነ?» አሉኝ፤ «አላውቅም እማማ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። ከኋላችን አንድ ሰው «ለምን አይናገሩም?» እያለ ይጮህ ነበር፤ ሌላው ደግሞ የኦክስጅን ጭምብሎቹ ያልወረዱት ተበላሽተው ነው ብሎ የጣሪያውን ክዳን በጥፍሩ ለመፈልቀቅ ይታገል ጀመር። ጭምብሎቹ የሚወርዱት የመንገደኞች ክፍል የአየር ግፊት ሲቀንስ መሆኑን፣ ይኸውም በክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ወደ 14,000 ጫማ ከፍታ ካለው አየር ጋር ሲስተካከል መሆኑን ያን ጊዜ ማንኛችንም አላወቅንም። እኛ የነበርንበት ከፍታ ከዚያ እጅግ ያነሰ ስለነበር የሚወርዱበት ምክንያት አልነበረም። ከዚህም በላይ ጭምብሉ የክፍሉን አየር ከኦክስጅን ጋር እየቀላቀለ የሚሰጥ በመሆኑ ከጭስ አያድንም። ጭስ ቢገባ ኖሮ የሚሻለው ጎንበስ ብሎ አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን ነበር።

ስለ ዝምታው ወዳጄን ስጠይቀው ፈገግ ብሎ «ያ ዝምታ ሥራቸውን እየሠሩ እንደነበር ነው የሚነግርህ» አለኝ። አብራሪዎች በመጀመሪያ አውሮፕላኑን እንዲያበርሩ፣ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄዱ እንዲወስኑ፣ ከዚያ በኋላ እንዲናገሩ ይሠለጥናሉ። ከሚናገሩትም ውስጥ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ይቀድማል፤ የበረራ አስተናጋጆች ይከተላሉ፤ የመንገደኛው ተራ መጨረሻ ነው። በሁለት ሞተር የሚበር አውሮፕላን አንዱ ሲቆም የሌላው ግፊት አፍንጫውን ወደ ሞተው ሞተር ስለሚያዞረው፣ አብራሪው በእግሩ መርገጫውን ተጭኖ በጅራቱ ላይ ባለው መሪ ቀጥ አድርጎ መያዝ አለበት፤ ወደ ግራ ሳብ ብለን የተመለስነው ለዚህ ነው። አውሮፕላኑ ቢያንስ 400 ጫማ፣ ማለትም 120 ሜትር ያህል ከፍ እስኪል ድረስም በተለምዶ የተበላሸውን ሞተር ለማስተካከል እጃቸውን አይሰዱም። የመጀመሪያው ሥራቸው ከመሬት መራቅ ነው። ችግሩን የሚመረምሩት፣ አንዱ የሚነካውን መቆጣጠሪያ ሌላው እያረጋገጠለት፣ ሆን ብለው ሳይቸኩሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ብዙ ፍርሃት ያቀልላል። አውሮፕላን በመንደርደሪያው ላይ እየፈጠነ ሲሄድ ከመነሣቱ በፊት የተሰላ የውሳኔ ፍጥነት አለው። ከዚያ ፍጥነት በፊት ሞተር ቢቆም በቀረው መንደርደሪያ ላይ ማቆም ይቻላል፤ ካለፈ በኋላ ግን መነሣቱ ይቀጥላል። ይህ እንዲቻል ማንኛውም የመንገደኛ ጄት በሕግ በአንድ ሞተር ጎድሎ መውጣት እንደሚችል ማስመስከር አለበት። ባለ ሁለት ሞተር ከሆነ መንኮራኩሩን ካጠፈ በኋላ በአንዱ ብቻ በየ100 ሜትሩ ቢያንስ 2.4 ሜትር ከፍ ማለት ይጠበቅበታል። ቀስ ያለ አወጣጥ ነው፤ ለመንገደኛም ያልተለመደ ስለሆነ ያስጨንቃል፤ ነገር ግን የታቀደ ነው። ሞተር በዚያ ክፉ ሰዓት የሚቆምበትን ሁኔታ አብራሪዎች በሲሙሌተር፣ ማለትም በረራን በሚያስመስል የመሬት ላይ መለማመጃ፣ ደጋግመው ይለማመዱታል፤ በብዙ ቦታ በየስድስት ወሩ። ወዳጄ በሥራ ዘመኑ በእውን አንድም ጊዜ ሳይገጥመው ጡረታ ወጥቷል፤ በሲሙሌተር ግን ስንት ጊዜ እንደገጠመው ቁጥሩን እንደማያውቀው ነገረኝ።

ከሁሉ ይበልጥ ሰው የጮኸበት ቅጽበት ግን ፍንዳታው አልነበረም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ታች ዘንበል አለና መውጣታችንን አቆምን። ከመስኮቱ ስመለከት ቤቶቹ ከዚያ በፊት ከፍ ብለን ስንሄድ ከማያቸው ይልቅ ቅርብ ሆነው ታዩኝ፤ ሆዴ ውስጥ የመውደቅ ስሜት መጣ፤ አጠገቤ ያሉት እናት ጸሎት ጀመሩ፤ እኔም «አበቃ» ብዬ ነበር። ወዳጄ ይህን ስነግረው ገርሞት ዝም አለ፤ ለአብራሪው እጅግ የተለመደ የሥራ ክፍል ለመንገደኛው ሞት መስሎ መታየቱን አስቦት አያውቅም። አውሮፕላን ሲነሣ በዝግታ መብረር እንዲችል ከክንፎቹ ኋላ የሚዘረጉ ሰሌዳዎች፣ ፍላፕ የሚባሉት፣ ወጥተው ይቆያሉ፤ እነዚህን ለመሰብሰብ ፍጥነት መጨመር አለበት። በሁለት ሞተር ሁለቱን ሥራ በአንድነት መሥራት ይቻላል። በአንድ ሞተር ግን ከፍታና ፍጥነት በአንድ ጊዜ አይገኙም፤ ስለዚህ አብራሪው 1,000 ጫማ ወይም ከዚያ በላይ ሲደርስ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ለጥቂት ጊዜ በአንድ ከፍታ እየሄደ ይፈጥናል፤ ፍላፑን ሰብስቦም መውጣቱን ይቀጥላል። የመውደቅ ስሜቱ ከዚያ የመጣ ነው። ይህን አንዲት አንቀጽ ብቻ ከጽሑፌ የሚያስታውስ ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል።

ፍንዳታውስ ምን ነበር? የጄት ሞተር አየርን ከፊት ስቦ በተደረደሩ ስለቶች ያምቀዋል፤ ከነዳጅ ጋር ያቃጥለዋል፤ ወደ ኋላ ይለቅቀዋል። አንድ ስለት ሲጎዳ፣ ወፍ ሲገባ ወይም የአየሩ አካሄድ በሌላ ምክንያት ሲታወክ የታመቀው አየር ለቅጽበት ወደ ፊት ይመለሳል፤ ያ መመለስ ነው እንደ መድፍ የሚጮኸው። ሳይቃጠል የቀረው ነዳጅ ከኋላ ወጥቶ ስለሚነድ ነበልባል ይታያል። እሳት ተነሣ ማለት ግን የግድ አይደለም። አብራሪው የዚያን ሞተር ጉልበት ሲቀንስ ብዙውን ጊዜ ጩኸቱ ይቆማል፤ የእኛም ቆመ፤ ኋላም ሞተሩ ጨርሶ ተዘጋ። መብራቱ የተርገበገበው ሞተሩ ያዞረው የነበረው ጄኔሬተር ሲቆም ኤሌክትሪኩ ወደ ሌላው ጄኔሬተር በመዛወሩ ነው።

አሁን ወደ ሠራሁት አንድ ትክክለኛ ነገርና ወደ ሁለቱ ስሕተቶቼ ልምጣ።

ትክክል የሠራሁት በአጋጣሚ ነው። አስተናጋጇ ጩኸቱ ጋብ ሲል ቀበቶዋን ፈትታ በመተላለፊያው ስትመጣ ምን እንዳየሁ ነገርኳት፦ «ከግራው ሞተር ኋላ ነበልባል ወጥቷል፣ አራት ወይም አምስት ጊዜ፣ አሁን አይታየኝም፣ ጭስም የለም።» እርሷም ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ሄዳ በስልክ ለአብራሪዎቹ ስታስተላልፍ አየኋት። ያን ጊዜ እነርሱ የሚያውቁትን የነገርኳት መስሎኝ አፍሬ ነበር። ነገር ግን በብዙ አውሮፕላኖች አብራሪዎቹ ከመቀመጫቸው ሞተሮቹን ማየት አይችሉም፤ የሚያዩት መሣሪያ ብቻ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 8 ቀን 1989 ከለንደን ወደ ቤልፋስት ይበር የነበረ ቦይንግ 737-400 የግራ ሞተሩ ስለት ተሰብሮ አብራሪዎቹ በስሕተት ጤነኛውን የቀኝ ሞተር ዘጉ። ዋናው አብራሪ ችግሩ በቀኙ ሞተር እንደነበረ ለመንገደኞች ሲናገር፣ ከኋላ ከተቀመጡት ውስጥ ከግራው እሳት ሲወጣ ያዩ ነበሩ፤ ግራ ተጋቡ፤ ማንም ግን ለአብራሪዎቹ አልነገረም። አውሮፕላኑ በኬግዎርዝ መንደር አጠገብ ወድቆ ከ126 ሰዎች 47ቱ ሞቱ። ስለዚህ ያየኸውን ተናገር፤ ግን አትተርጉም። «ሞተሩ ሊፈነዳ ነው» ማለት አይረዳም። የትኛው ወገን እንደሆነ፣ ምን እንዳየህ፣ አሁንም እንዳለ ወይም እንደጠፋ ንገር። ግራና ቀኝም ፊትህን ወደ አብራሪዎቹ አዙረህ እንደተቀመጥክ የሚቆጠር ነው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ስልኬን አውጥቼ ሞተሩን መቅረጽ መጀመሬ ነው። አንድ ደቂቃ ተኩል የሚሆን ቪዲዮ አለኝ፤ በዚያው ቪዲዮ ውስጥ አስተናጋጇ በድምፅ ማጉያ መመሪያ ስትሰጥ ይሰማል፤ እኔ ግን አንዱንም ቃል አልሰማሁም ነበር። መመሪያውን የሰማሁት ቤቴ ገብቼ ቪዲዮውን ስከፍት ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ከፊቴ ካለው ወንበር ሥር የነበረውን ቦርሳዬን፣ ላፕቶፔ ያለበትን፣ አንሥቼ ማንገቻውን በትከሻዬ አጠለቅኩ። አስቤበት አይደለም፤ እጄ በራሱ ነው የሄደው። ከኋላ ወንበር ያለችው አስተናጋጅ ስታየኝ ቆጣ ብላ «ወደ ቦታው ይመልሱት» አለችኝ፤ መለስኩት። አውሮፕላን ሲሠራ ከመውጫ በሮቹ ግማሹን ብቻ ተጠቅሞ ሙሉ መንገደኛ በ90 ሰከንድ ውስጥ መውጣት እንደሚችል ይፈተናል፤ በዚያ ፈተና ላይ ሻንጣ የያዘ ሰው ግን የለም። በጥቅምት 28 ቀን 2016፣ ይህም እንደ አውሮፓውያኑ ነው፣ ቺካጎ ላይ አንድ ቦይንግ 767 ሊነሣ ሲንደረደር የቀኝ ሞተሩ ተበታትኖ በእሳት ሲያያዝ ብዙ መንገደኞች ቦርሳቸውን ይዘው ወርደዋል። ሁሉም በሕይወት ቢወጡም በከባድ ሁኔታ የተጎዳው አንድ ሰው የተጎዳው ገና ሳይቆም በነበረው በሌላው ሞተር የአየር ግፊት ተመትቶ ነው። ይህኛው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል፦ በየትኛው በር እንደሚወጣ የሚወስኑት አስተናጋጆቹ ናቸው፤ የትኛው በር ወደ አደጋው እንደሚያስጠጋና የትኛው ከአደጋው እንደሚያርቅ እነርሱ ያያሉ።

በሰባተኛው ደቂቃ ገደማ ዋናው አብራሪ ተናገረ። ድምፁ ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ አንደኛው ሞተር ችግር ስለገጠመው እንደተዘጋ፣ አውሮፕላኑ በሌላው በደኅና እየበረረ እንደሆነ፣ ተመልሰን እንደምናርፍ፣ የእሳት አደጋ ተሽከርካሪዎች ለጥንቃቄ እንደሚጠብቁን ገለጸ። ስለ ተሽከርካሪዎቹ አስቀድሞ መንገሩ ብልኅነት ነበር፤ ካልሆነ መንደርደሪያው ዳር ቀይ መብራት ተደርድሮ ስናይ ሌላ ጩኸት ይነሣ ነበር።

ወዲያው አላረፍንም፤ ዞርን። ይህም ሰውን አናድዷል፤ «ለምን አያሳርፉንም?» የሚል ጥያቄ በየወንበሩ ይሰማ ነበር። አብራሪዎቹ የሚያነቡት ረዥም የማረጋገጫ ዝርዝር አለ፤ ማረፊያውን በአንድ ሞተር አስልተው ማዘጋጀት አለባቸው። ክብደትም አለ። ለምሳሌ ቦይንግ 737-800 እስከ 79 ቶን ያህል ሆኖ መነሣት ሲፈቀድለት፣ ለማረፍ የሚፈቀድለት ወደ 66 ቶን ገደማ ነው፤ እንደ አንዳንድ ትልልቅ አውሮፕላኖች ነዳጅን በአየር ላይ የሚያፈስስበት መሣሪያም የለውም። እሳት ካለ ክብደቱ ምንም ይሁን ምን ወዲያው ያርፋሉ፤ አውሮፕላኑም ይህን ይችላል፤ ኋላ ምርመራ ይደረግለታል። እሳት ከሌለ ግን ዝግጅቱን ሳይጨርሱ መቸኮል ራሱ አደጋ ነው። መዞራችን ክፉ ምልክት ሳይሆን ጊዜ እንዳላቸው የሚያሳይ መልካም ምልክት ነበር።

እነዚያን ደቂቃዎች ሥራ ላይ ማዋል ይቻል ነበር፤ እኔም ዘግይቼ ቢሆንም ጀመርኩ። አውልቄው የነበረውን ጫማ አደረግኩ። ቀበቶዬን ከሆዴ ዝቅ አድርጌ በዳሌዬ ላይ አጠበቅኩ። እስከ ኋለኛው በር ያሉትን ወንበሮች ቆጠርኩ፤ ጭስ ካለ በር የሚገኘው በእጅ እየዳሰሱ ነው። የመመሪያ ካርዱን አውጥቼ ለግጭት ጊዜ የሚያዘውን አቀማመጥ ተመለከትኩ፦ እግር ወለል ላይ ተጥሎ ትንሽ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ግንባር ከፊት ባለው ወንበር ላይ ይደገፋል፣ እጆች ራስን ይከልላሉ። አጠገቤ ያሉት እናት ቀበቷቸውን ለመፍታት እንደ መኪና ቀበቶ መሐሉን በአውራ ጣታቸው ሲጫኑ አየሁና ክዳኑን ወደ ላይ አንሥተው እንዲፈቱ አሳየኋቸው፤ ሦስት ጊዜ ፈትተው አሰሩት። «አሁን ገባኝ» አሉኝ፤ እጃቸውም መንቀጥቀጡን ተወ። የእኔም እንዲሁ። ለእርሳቸው የማሳይ እየመሰለኝ ራሴን ያረጋጋሁት በዚያ ነው።

ማረፊያው ከተለመደው ፈጠን ያለ ነበር። በአንድ ሞተር ሲታረፍ በብዙ አውሮፕላኖች ፍላፑ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘረጋ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ሲያቆምም ወደ ኋላ የሚገፋው አንድ ሞተር ብቻ ስለሆነ ፍሬኑ ይጠብቃል። ከነካን በኋላ ሰው አጨበጨበ፤ ጥቂቶች ቀበቷቸውን ፈትተው ቆሙ። ገና ነበር። አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ላይ ቆሞ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተሩንና የጋሉትን ፍሬኖች ሲመረምሩ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። እንደ አውሮፓውያኑ በኅዳር 4 ቀን 2010 ከሲንጋፖር ተነሥቶ ከአራት ደቂቃ በኋላ አንድ ሞተሩ የተበታተነበት ኤርባስ ኤ380፣ 469 ሰዎችን ይዞ ተመልሶ ካረፈ በኋላ ሌላኛው ሞተሩ አልጠፋ ብሎ ነዳጅም ከክንፉ ይፈስ ነበር፤ አብራሪው ግን ሰዎቹን በመንሸራተቻ ከማውረድ ይልቅ አደጋው እስኪቀንስ ድረስ ውስጥ አቆያቸው፤ በደረጃም ያለ አንድ ጉዳት ወረዱ። በመንሸራተቻ መውጣት ራሱ እግር የሚሰበርበት ነገር ስለሆነ፣ «ባላችሁበት ቆዩ» የሚለው ትእዛዝ እንደ ቸልተኝነት ባይቆጠር ጥሩ ነው።

ከወረድን በኋላ ስላለው ጊዜም ጥቂት ልበል። ያን ቀን ደኅና ነበርኩ፤ እንዲያውም ብዙ አወራሁ፤ ሳቅሁ። እንቅልፍ ያጣሁት በሦስተኛው ሌሊት ነው። በር በኃይል ሲዘጋ እደነግጥ ነበር፤ ቪዲዮዬን በቀን አሥር ጊዜ አየሁት። የጠቀመኝ ቪዲዮውን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ከስልኬ ማጥፋቴና ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ በጽሑፍ ማስፈሬ ነው። ያልጠቀመኝ ደግሞ «ተመስገን በል፣ አለፈ» የሚለው የወዳጆቼ ምክር ነበር፤ ማመስገኑንስ አመስግኛለሁ፤ ሰውነቴ ግን ገና እዚያው ወንበር ላይ ነበር። ድንጋጤው ሳምንታት ካለፉ በኋላም ካልቀነሰ ወደ ባለሙያ መሄድ እንደሚገባ ወዳጄ አጥብቆ መክሮኛል፤ አብራሪዎችም ራሳቸው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው እንደሚያደርጉት ነገረኝ።

እንደገና የበረርኩት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ስገባ በሩ ላይ ለቆመችው አስተናጋጅ ምን እንደገጠመኝና እንደምፈራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገርኳት፤ ከተነሣንም በኋላ የሞተሩ ድምፅ እንደተለመደው ሲቀንስ መጥታ «ጉልበቱን የሚቀንሱበት ሰዓት ነው፣ ሁልጊዜም እንዲህ ነው» አለችኝ። ጫማዬን አላወለቅኩም ነበር። እስከ በሩ ስምንት ወንበር ነበር።